ስለ ቀለህ አጠባና ስለ ናስ ጠባይ

ከተተኰሰ ጥይት የሚቀረው ቀለህ እንደ ውዳቂ ይቈጠራል። ነገር ግን ከጥይቱ ክፍሎች ሁሉ ደጋግሞ ሊያገለግል የሚችለው እሱ ብቻ ነው። በአገራችን ውጅግራ የተባለው፣ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦራቸው የመረጡት ጠመንጃ፣ ቀለሁ ከናስ የተሠራ ስለ ነበር ዳግመኛ በባሩድና በእርሳስ ለመሙላት ይመች ነበር።

የቀለህ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ጥይቱ ሲተኰስ ቀለሁ ተለጥጦ ጋዙን ያፍናል፤ ወዲያው ጥቂት ይሰበሰባል። ይህ በተደጋገመ ቍጥር ናሱ እየደረቀ ይሄዳል።

የጥቍር ባሩድ ዝቃጭ እርጥበት የሚስብ ጨው አለበትና ቀለሁ በዚያው ቀን በሙቅ ውሃና በሳሙና መታጠብ ይገባዋል። ከመታጠቡም በፊት የጠመንጃው መርፌ የሚመታት ትንሽ ቆብ ትወጣለች፤ አለዚያ ውሃው ከሥሯ አይደርስም። የጠቈረውን ናስ የሎሚ አሲድ ያጠራዋል። ሆኖም ብዙ ከቈየ ዚንኩን ይበላና ናሱ ሐምራዊ መልክ ያወጣል፤ ይህም የመዳከም ምልክት ነው። ቀለሁን ለማድረቅ ፀሐይ ይበቃል። እሳት ላይ የጣደው ሰው የቀለሁን ቂጥ ያለሰልሰዋል፤ ናስ ደግሞ እንደ ብረት ግሎ ውሃ ውስጥ ቢነከር አይጠነክርም።

ከሁሉ የሚያስፈራው አሞንያ ነው። የእንግሊዝ ጦር በህንድ አገር በዝናም ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ ያከማቸው ጥይት፣ ማንም ሳይነካው ቀለሁ እየተሰነጠቀ ይገኝ ነበር። ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1921 ምክንያቱን ገለጡ፤ ናሱ ሲሠራ በውስጡ የቀረው ውጥረት ከፈረሱ ሽንት ከሚነሣው አሞንያ ጋር ተባብሮ ነበር። እንግዲህ አሞንያ ያለበት የናስ መወልወያ ለጌጥ ዕቃ ቢስማማም ለቀለህ አይሆንም። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ሲተኰስ ግን ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ስለ እርሳስም አንድ ነገር እንጨምር። ከቆቧ የሚወጣው ጥላሸት ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት። በደረቁ መፈግፈግ አቧራውን ወደ ሳንባ ስለሚያደርስ እኛ የውሃውን መንገድ እንመርጣለን። የማጠቢያውም ዕቃ ወደ ማድ ቤት መመለስ የለበትም፤ ልጆች ካሉ ይልቁንም።

ከደረቀ በኋላ እያንዳንዱ ቀለህ በብርሃን ይመረመራል። ከቂጡ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ መስመር የታየበት ግድግዳው ሳስቷልና ከሌሎቹ ተለይቶ ለቀላጭ ይሰጣል።