ቤት ለእንቦሳ በተውሶ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. መኸር ላይ፣ ኮለምበስ በገባን ማግስት፣ እሑድ ከቀትር በኋላ በራችን ተንኳኳ። አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ድፎ ዳቦ ታቅፈው ከነልጃቸው ቆመዋል። የሐበሻ ቤተሰብ መጣ ሲባል ሰምተው ነው።

"ቤት ለእንቦሳ!" አሉን።

በወጉ መሠረት "እንቦሳ እሰሩ!" ብለን መመለስ ነበረብን። እኔና ባለቤቴ ግን ተያየንና ዝም አልን። ቤቱ የእኛ አልነበረማ! እናቲቱ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ "ግድ የለም ልጄ፣ ለሁሉም ቀን አለው" ብለው ገቡ።

ያን ጊዜ የቤቱ ብቻ ሳይሆን የቫኑም ባለቤት ሌላ ሰው ነበር። አንድ የዋሽንግተን ወዳጃችን "ሰኞ ጠዋት ለሥራ እፈልገዋለሁ" ብሎ ነበር የሰጠን። መንገዱ 400 ማይል ያህል ነው። በሀይዌይ 70 ፔንሲልቬንያን አቋርጠን፣ ብሪዝዉድ ላይ ቤንዚን ቀድተን፣ ዊሊንግ ላይ የኦሃዮን ወንዝ ተሻገርን። ሌላው በሰባት ሰዓት የሚጨርሰውን መንገድ እኛ ሦስት ልጆች፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አንድ ባልዲ በርበሬና አራት ካርቶን መጻሕፍት ይዘን ዐሥር ሰዓት ፈጀብን።

ወደ ኮለምበስ የመጣነው እንደ ብዙው ወገናችን ነው። የቤት ኪራዩ ከዋሽንግተን ይረክሳል። ሀይዌይ 70 እና 71 የሚገናኙባት ከተማ በመሆኗ መጋዘን ሞልቶባታል፤ እንግሊዝኛው ላልተቃናለት ሰውም የሌሊት ሥራ አይጠፋም። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎችም ብዙዎቹ መጀመሪያ ከሰፈሩበት ከተማ ተነስተው፣ ዘመድ ዘመዱን እየጠራ ነው የተሰባሰቡት። የሁላችንም የመጀመሪያ ማረፊያ የሰው ቤት ነበር።

የእኛን ማረፊያ የሰጠን የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ትሬለር ስለሚነዳ በወር ሦስቱን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። በስልክ "ቤቱ ባዶውን ያድራል፣ ኑና ግቡ" አለ። እኔም "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ንግግራችን በዚሁ አበቃ። እስከ መቼ እንደምንቆይ እኔ አልጠየቅሁም፤ እሱም አልነገረኝ። የመብራቱንና የጋዙን ማን ይክፈል? የኪራይ ውሉስ ሌላ ሰው ማስገባት ይፈቅዳል ወይ? ይህን ሁሉ መጠየቅ ነውር መሰለን።

ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ገባብን። ሂሳቡ የሚመጣው በሱ ስም ስለሆነ ማሞቂያውን ከፍ ማድረግ አፈርን፤ በታኅሣሥ ብርድ ልጆቹ ጃኬት ለብሰው ተኙ። ባለቤቴ ሻንጣዎቹን ሳትፈታ ከረመች። እሱ ደግሞ ከመንገድ ሲመለስ አንድ ሌሊት ያድርና "ጭነት አለብኝ" ብሎ ይወጣል። ለካስ ጭነት አልነበረበትም! እኛን ላለማጣበብ ሲል መኪናው ውስጥ ነበር የሚያድረው። ይህን የነገረን ሌላ ሰው ነው። ልጆቼ "ጋሼ ለምን ቤቱ አይተኛም?" ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ።

በጥር ወር አንድ ማለዳ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ውሉ ላይ ስማቸው የሌለ አምስት ሰዎች ይኖራሉና በሦስት ቀን ውስጥ ቤቱ ይለቀቅ ይላል። ከዚያ በፊት ሁለት ደብዳቤ መጥቶ ኖሯል። ጓደኛዬ እንዳንሳቀቅ ብሎ ደብቆ ይዞታል። ሊያስጠልለን ብሎ እሱ ራሱ ቤት አልባ ሊሆን ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ድፎ ዳቦ ያመጡልን እናት በተገኙበት ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ተነጋገርን። በማግስቱ ሁለታችንም ባለቤቱ ዘንድ ሄደን የአንድ ወር ጊዜ ለመንን፤ ተፈቀደልን። አንድ ሰዓት የማይሞላው ንግግር በመጀመሪያው ሌሊት ቢደረግ ኖሮ ያን ሁሉ ጭንቀት ባዳነን ነበር።

ዛሬም በሰው ቤት ላረፈ ወገን፣ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍል።

በኦሃዮ ሕግ ባለቤቱ ተከራይን ለማስወጣት ክስ ከመመሥረቱ በፊት የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጠፈ ማለት ግን በሦስተኛው ቀን ዕቃ ይጣላል ማለት አይደለም፤ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። ባለቤቱ በገዛ ሥልጣኑ ቁልፍ መቀየር ወይም ውሃና መብራት መቁረጥ አይችልም። የፍርድ ቤት ጥሪ ከመጣ ደግሞ መቅረት ማለት መሸነፍ ነው።

ልጆቻችንን "በስማችን ውል የለንም" ብለን ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት አስቀርተናል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ፣ ዛሬ ማኪኒ ቬንቶ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ቤት በማጣት ወይም በችግር ምክንያት በሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ልጅ፣ የአድራሻ ማስረጃ ባይኖረውም ወዲያውኑ እንዲመዘገብ ያዛል።

ከሁሉ የከፋው የአድራሻ ነገር ነው። ዜግነት ያላገኘ ሰው ቤት በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የተያዘበት ሰው ደግሞ ለፍርድ ቤቱ ለብቻው በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ማስታወቅ ይኖርበታል። የቀጠሮው ደብዳቤ ወደ አሮጌው አድራሻ ሄዶ የቀረ ሰው በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ሊወሰንበት ይችላል። "ገና ቋሚ ቤት አልያዝኩም" ብሎ መቆየት አያዋጣም፤ የተውሶም ቤት አድራሻ ነው።

ዛሬ የሚጠየቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 እዚሁ ኮለምበስ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ተዋሕዶ ማኅበራዊ አገልግሎት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ብዙ አዲስ ገቢዎችን ረድቷል። ወረቀት ማንበብ የከበደው ሰው ቢጠይቅ እንጂ ቢደብቅ አይጠቀምም።

ከሁሉ በፊት ግን እንግዳውና አስተናጋጁ ይነጋገሩ። እስከ መቼ? ማን ምን ይከፍላል? ውሉ ምን ይላል? አባቶቻችን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ወርቅ ሳሉ መነጋገር ይሻላል።

እኛ በየካቲት መጨረሻ ከክሊቭላንድ ጎዳና ወጣ ብሎ ሁለት መኝታ ቤት ተከራየን። የመጀመሪያው እንግዳችን ያ ጓደኛዬ ነበር። ትሬለሩን አቁሞ፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመና "ቤት ለእንቦሳ!" አለ።

"እንቦሳ እሰሩ!" አልን፤ ልጆቹም ጭምር። ያን ሌሊት እኛ ቤት አደረ፤ መኪናው ውስጥ አይደለም።