ከ«ኤ» በስተግራ ያለው ቁልፍ

ካፕስ ሎክን ያህል ምቹ ቦታ ይዞ ሥራ የፈታ ቁልፍ ኪቦርድ ላይ የለም። የግራ እጅ ትንሿ ጣት ከማረፊያዋ ሳትነሳ ጎኗን ብትነካ ታገኘዋለች፤ እሱ ግን ፒያሳ መሃል መሬት አጥሮ ግንባታ እንደማይጀምር ባለይዞታ ተንሰራፍቶ ይውላል። ቀኑን ሙሉ የሚፈለገው ኮንትሮል ደግሞ ታች ጥግ ላይ ተጥሏል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፕሮግራመሩ ቢል ጆይ ቪአይ የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ የጻፈበት ኤዲኤም-3ኤ ተርሚናል ከ«ኤ» ጎን ያስቀመጠው ኮንትሮልን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአይቢኤም ኤቲ ኮምፒውተርም እንደዚያው። ኮንትሮልን ወደ ጥግ ያወረደው ቀጥሎ የመጣው የኩባንያው ባለ 101 ቁልፍ ኪቦርድ ሲሆን፣ ሌሎች ብዙዎችም እሱን ቀዱ።

ብዙ ሰው፣ ፕሮግራመሮችም ጭምር፣ ቁልፉ ላይ የታተመውን ፊደል ኪቦርዱ የሚልከው ይመስለዋል። ኪቦርድ ግን ፊደል አልቆጠረም። የሚልከው ቁጥር ነው፤ በዩኤስቢ «ኤ» 4፣ ካፕስ ሎክ 57 ነው። ቁጥሩን ፊደል የሚያደርገው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሰንጠረዥ ነው።

መልእክቱን ገልጣችሁ ብታዩት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በመሠረታዊው አሠራር 8 ባይት ነው። የመጀመሪያው ባይት 8 ቢቶች ለግራና ለቀኝ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ አልትና ዊንዶውስ ቁልፍ አንድ አንድ ተከፋፍለዋል። ሁለተኛው ባይት ሥራ የለውም። የቀሩት ስድስቱ ለተራ ቁልፎች ናቸው፤ በዚህ አሠራር ከስድስት በላይ ተራ ቁልፎችን አንዴ ብትጫኑ ኪቦርዱ ለይቶ መናገር ያቅተዋል። ካፕስ ሎክ ታዲያ የት ነው ያለው? ከሺፍት ጋር እንዳይመስላችሁ፤ ከ«ኤ» እና ከ«ዜድ» ጋር ተራ ይጠብቃል። መብራቱን እንኳ የሚያበራው ኮምፒውተሩ «አብራ» ብሎ መልሶ ሲልክለት ነው። ሹመቱ በሙሉ የሶፍትዌር ነው፤ መሻርም የሚቻለው ለዚህ ነው።

አሻሻሩ ቀላል ነው። ማክ ላይ በኪቦርድ ቅንብሮች ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ሊኑክስ ላይ ኤክስኬቢ የተባለው የኪቦርድ ሥርዓት ካፕስ ሎክን ኮንትሮል የማድረግ ምርጫ አለው። ዊንዶውስ ላይ ፓወርቶይስ የተባለው ፕሮግራም ይሠራል፤ የይለፍ ቃል መግቢያው ላይ ግን አይደርስም፤ እዚያም ይሥራልኝ የሚል ሬጂስትሪውን መንካት አለበት። በቢሮ የጋራ ኮምፒውተር ላይ ቀይራችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ እንጂ! አንድ ወጣት ባለ ቀለም መብራት ኪቦርድ በደህና ገንዘብ ገዝቶ፣ ትንሿን ጣቱን እያሸ ስለ ሕመሟ ሲያማርር ሰምቼዋለሁ፤ መብራቱን በየቀኑ ይቀያይራል፣ ኮንትሮሉን ግን ነክቶት አያውቅም።

አማርኛም ለሚጽፍ ፕሮግራመር ጥቅሙ እጥፍ ነው። በድምፅ በሚጻፉት ኪቦርዶች ብዙዎቹ ላይ ካፕስ ሎክ ሳይታወቅ ከበራ «ተ» ያሉት «ጠ»፣ «ነ» ያሉት «ኘ» ሆኖ ይወጣል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ለሌለው ጽሕፈት ይህ ቁልፍ ትርፉ ጥፋት ብቻ ነው።

የቪአይ ሰዎች በዚህ ቦታ ኢስኬፕን እንጂ ኮንትሮልን አይፈልጉም። ሊኑክስ ላይ ኪይዲ፣ ማክ ላይ ካራቢነር የተባሉት ፕሮግራሞች ሁለቱንም ያስታርቃሉ፦ ቁልፉን ነካ አድርገው ሲለቁት ኢስኬፕ፣ ይዘው ሌላ ሲጫኑ ኮንትሮል። ጣተ ፈጣን ሰው ግን ሳይለቀው ቀጣዩን ፊደል ስለሚመታ ኢስኬፕ ያለው ኮንትሮል ሆኖበት ይናደዳል። እንዲህ ላለው ሰው ኮንትሮልን ብቻ ሰጥቶ ኢስኬፕን በቦታው መተው ይሻላል።