ብረትም ይደክማል

በክረምት ሌሊት ነፋስ ተነሥቶ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲንኳኳ እንቅልፍ አጥቶ ያላደረ ሰው በመካከላችን ይገኛል ብለን አናስብም። እኛም በተማሪነታችን ዘመን ባንድ አሮጌ መኝታ ቤት ውስጥ ያንን ድምፅ ብዙ ሌሊት ሰምተነዋል። መጀመሪያ የላላው አንድ ምስማር ብቻ ነበር። ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ብድግ ቁጭ እያለ የምስማሩን ቀዳዳ አሰፋው፤ ቀጥሎም የጎረቤቱን ምስማር አላላው፤ በመጨረሻም አንድ ሌሊት ቆርቆሮው ተገንጥሎ ሄደ። የዚያን ሌሊት ነፋስ ከቀድሞዎቹ የበረታ አልነበረም። ታዲያ ጣሪያውን የወሰደው የትኛው ነፋስ ነው? የመጨረሻው ነውን፣ ወይስ ከእርሱ በፊት የነፈሱት ሁሉ?

ይህ ጥያቄ የተማሪ ቤት ጨዋታ እንዳይመስል በአሜሪካ አገር በካንሳስ ሲቲ ከተማ የደረሰውን እንመልከት። በዚያች ከተማ ኬምፐር አሬና የተባለ ታላቅ የስፖርትና የስብሰባ አዳራሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ተከፈተ። ተመልካቹን የሚጋርድ አንድም ምሰሶ በውስጡ አልነበረም። ከባዱ የብረት ተሸካሚ ከሕንፃው ውጭ፣ ከጣሪያው በላይ ተዘርግቶ፣ ጣሪያው ራሱ ከዚያ ላይ በ42 መስቀያዎች ተንጠልጥሎ ነበር። የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበርም በ1976 ሕንፃውን ሸለመው።

ሰኔ 4 ቀን 1979፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ወደ ማታ ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጋልብ ነፋስም አብሮት መጣ። ውኃው ከጣሪያው ላይ ቶሎ እንዳይወርድ፣ የከተማውም የፍሳሽ ቦይ እንዳይጨናነቅ ተብሎ መውረጃው አስቀድሞ እንዲጠብ ተደርጎ ነበርና፣ ዝናቡ እዚያው ላይ ተኛ። ወዲያው አንድ መስቀያ ተበጠሰ፤ ሸክሙ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ፤ እነርሱም ተራ በተራ ተበጠሱ። አራት ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ጣሪያ መሬት ወረደ። እንደ ዕድል ሆኖ አዳራሹ በዚያ ሰዓት ባዶ ስለ ነበረ አንድም ሰው አልተጎዳም። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተቀምጦበት ቢሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር?

መርማሪዎች ፍርስራሹን ሲያገላብጡ ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ በየመስቀያው ያሉት ቡሎኖች ነበሩ። ቡሎኖቹ ከጠንካራ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ቢጎትቷቸው ብዙ ይችላሉ። ነገር ግን ጣሪያው በነፋስ ሲወዛወዝ አምስት ዓመት ሙሉ ሲሳቡና ሲለቀቁ ኖረዋል። እንዲህ ላለው ምልልስ ግን የተመቹ አልነበሩም።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ቀጭን ሽቦ ማንሣት ይበቃል። ሽቦውን በእጅ ጎትቶ መበጠስ ያስቸግራል። ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ቢያጥፉት ግን ያለ ብዙ ጉልበት ይቆረጣል። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምራል፤ በየምልልሱ ጥቂት በጥቂት ይሰፋል፤ የቀረው ብረት ሸክሙን መቻል ሲያቅተው ድንገት ይበጠሳል።

ነፋስ ጣሪያን የሚያወዛውዘው እንዴት ነው? ነፋስ በሰፊ ጣሪያ ላይ ሲያልፍ ይገፋል ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይስባል፤ የአውሮፕላንን ክንፍ የሚያነሣውም ይኸው ስበት ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ከባድ የኮንክሪት ጣሪያ በገዛ ክብደቱ ይህን ስበት ይቋቋማል፤ ቀላሉና ሰፊው የብረት ጣሪያ ግን ይነሣል፣ ይመለሳል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ጣሪያ እንደ ዥዋዥዌ የራሱ የመወዛወዝ ልክ አለው። ዥዋዥዌን በልኩ እየጠበቀ የሚገፋ ሕፃን ትልቁን ሰው ከፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ የነፋሱ ምልልስ ከጣሪያው ልክ ጋር ከገጠመ ውዝዋዜው እያደገ ይሄዳል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የሕንፃው ትንሽ ምሳሌ ተሠርቶ በነፋስ መፈተኛ ዋሻ ውስጥ ይመረመራል፤ ማገሩ ይጠነክራል፤ ውዝዋዜውን የሚያበርድ መሣሪያ ይገባል፤ ቡሎኑም ባንድ ጊዜ ጉልበቱ ሳይሆን በምልልስ ትዕግሥቱ ይመረጣል። ኬምፐር አሬናም ታድሶ ብዙ ዓመት አገልግሏል።

ዛሬ በአገራችንም መጋዘኑ፣ ፋብሪካውና አዳራሹ በቀላል የብረት ጣሪያ እየተሸፈነ ነው። ዕድገት ነውና ደስ ይለናል። ነገር ግን ነገ ውል የምትፈርሙት፣ ሥራ የምትረከቡት እናንተ ወጣቶች ናችሁ። በርክክቡ ቀን ሪባን ይቆረጣል፣ ጭብጨባ ይሰማል፤ ነፋሱ ግን ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሹሙ ከመፈረሙ በፊት «ጣሪያው ስንት ኪሎ ይችላል?» ብሎ ብቻ አይተው። «ስንት ጊዜ ይችላል? ከአምስት ዓመት በኋላስ ወጥቶ ቡሎኑን የሚያየው ማን ነው? ደመወዙስ በየትኛው በጀት ተይዟል?» ብሎ ይጨምርበት። መልስ የሚሰጥ ከጠፋ ብዕሩን ይያዝ።

ለመሰላል መውጫና ለቡሎን መፍቻ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አልነበረም። እኛም በዚያ መኝታ ቤት መጀመሪያ የላላውን ምስማር በመዶሻ ለመምታት አንድ ሰው ቢነሣ ኖሮ፣ ያን ሌሊት ዝናብ ባልመታን ነበር። ድምፁን ሁላችንም ሰምተን ነበርና።