ከጠረጴዛ የማያልፍ ጦርነት፦ በትናንሽ ምስሎች የታሪክ ፍልሚያ እንዴት ይጀመራል?

ሰንጠረዥ የሚጫወት ሰው ሁሉ ጦር ያዛል። ንጉሥ አለው፤ ፈረስ አለው፤ ከፊት ከፊት የሚማገዱ ወታደሮችም አሉት። ነገር ግን ያ የሰንጠረዥ ወታደር ከየት መጣ? ምን በልቶ አደረ? ጦርና ጋሻውንስ ማን ገዛለት? ብሎ የሚጠይቅ የለም። የታሪክ ፍልሚያ ጨዋታ ከሰንጠረዥ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ጨዋታ ቁመታቸው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ምስሎች፣ በአንድ በታወቀ ዘመን የነበሩ ተዋጊዎችን መስለው ይሠሩና ቀለም ተቀብተው ኮረብታና ረግረግ በተበጀለት ጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ። የሚሄዱበት ርቀት በማስመሪያ ይለካል። የመታውና የሳተው ደግሞ በሉዶ እንደምናውቀው ባለስድስት ፊት ዳይስ ይለያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጨዋታው ምንጭ ሁለት ነው። አንደኛው የጦር ትምህርት ነው። በ1824 ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕረሽያ መኮንን፣ በካርታ ላይ የሚካሄድ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ጨዋታ ለጦሩ አለቆች አቀረበ። ሁለተኛው የልጆች መጫወቻ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአሻንጉሊት ወታደሮች ለሚደረግ ውጊያ ደንብ አወጣ። እዚያው መጽሐፍ ውስጥም ትንሿ ጦርነት ከእውነተኛዋ እጅግ እንደምትሻል ተከራከረ። በሚቀጥለው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ።

እንግዲህ ጀማሪው ከየት ይነሣ? ብዙ ሰው የሚነሣው ከትልቁ ነው። የ1815ቱን የዋተርሉ ጦርነት እሠራለሁ ብሎ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች ይሰበስባል፤ ሃያውን ቀለም ይቀባና ይሰለቻል። የቀረው ካርቶን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ምስሎች በብዛት ከእርሳስ ቅይጥ ይሠሩ ስለነበር፣ የፈረንጅ ተጫዋቾች እንዲህ ያለውን ክምችት «የእርሳስ ተራራ» እያሉ ይቀልዱበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

መፍትሔው የጥቂቶችን ፍልሚያ መምረጥ ነው። በትልልቅ ጦርነቶች ጨዋታ አንድ ምስል አሥርም ሃያም ሰው ሊወክል ይችላል። በጥቂቶች ፍልሚያ ግን አንድ ምስል አንድ ሰው ነው። ለአንድ ወገን ከ25 እስከ 35 ምስል ይበቃል። ቁጥሩ ማነሱ ሥራውን ከማቅለሉም በላይ፣ እያንዳንዱ ምስል ማን ነው? ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል። ለታሪክ መምህር ትርፉ ይኸ ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ865 ከዴንማርክና ከአካባቢው የተነሣ ትልቅ የቫይኪንጎች ጦር እንግሊዝ ገባ። በ878 መጀመሪያ ላይ መሪያቸው ጉትረም ቺፕነም የተባለውን ሥፍራ በድንገት ያዘ። የዌሴክስ ንጉሥ አልፍሬድም ጥቂት ሰዎች ይዞ ወደ ሶመርሴት ረግረግ ሸሸ። በዚያው ዓመት በፀደይ አቴልኒ በምትባል ደሴት ላይ ምሽግ ሠርቶ፣ እየወጣ ጠላትን ይወጋ ነበር። የንጉሡን ታሪክ የጻፈው ጳጳስ አሴር እንደሚለው፣ በዚያ ወቅት ኑሮው በወረራ በሚገኝ ስንቅ ላይ የተመሠረተ ነበር። በግንቦት ወር ሰው አሰባስቦ በኤዲንግተን ጉትረምን ድል አደረገ። የኤዲንግተኑ ውጊያ ለጠረጴዛችን ይሰፋል፤ የረግረጉ ወራት ግን ልክክ ይላሉ።

ቁጥሩም ቢሆን ከዘመኑ ጋር ይስማማል። በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዌሴክስ ንጉሥ የነበረው ኢኔ ያወጣው ሕግ፣ እስከ 7 ሰው ድረስ «ሌቦች»፣ ከ7 እስከ 35 ድረስ «ጭፍራ»፣ ከ35 በላይ ከሆነ «ጦር» ብሎ ይለያል። እኛ የምንሠራው እንግዲህ ጭፍራውን ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው እንግባ። በ2011 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣ «ሳጋ» የተባለ የጨዋታ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ ጭፍራ የሚደራጀው በነጥብ ነው። አንድ ነጥብ 4 ምርጥ አጃቢዎችን ወይም 8 ተዋጊዎችን ወይም 12 ክተት የተጠሩ ሰዎችን ያስገኛል። መሪው ያለ ነጥብ ይጨመራል። ለጀማሪ 4 ነጥብ በቂ ነው።

የአልፍሬድ ወገን፦ በ1 ነጥብ 4 አጃቢ፣ በ2 ነጥብ 16 ተዋጊ፣ በ1 ነጥብ 12 ክተት፣ ከመሪው ጋር 33 ሰው።

የቫይኪንጎቹ ወገን፦ በ2 ነጥብ 8 አጃቢ፣ በ2 ነጥብ 16 ተዋጊ፣ ከመሪው ጋር 25 ሰው።

ለምን ቫይኪንጎቹ ክተት የላቸውም? በሰው አገር ያለ ወራሪ ከየትኛው መንደር ክተት ይጠራል? ይህን ተማሪው ራሱ ቢደርስበት ይሻላል። በደንቡ መሠረት አጃቢዎቹና ተዋጊዎቹ ለመሪው የማዘዣ ዳይስ ያስገኛሉ፤ ክተቶቹ ግን አያስገኙም። ይኸም ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፦ ገበሬው ይቆጠራል፣ ይሞታል፤ ግን ቃሉ አይሰማም ማለት ነው? በእውነቱ ድሀው ገበሬ በአልፍሬድ ጦር ውስጥ ምን ያህል ተሳትፏል በሚለው ላይ የታሪክ ሊቃውንት ይከራከራሉ። ስለዚህ የደንቡን አከፋፈል እንደ መልስ ሳይሆን እንደ መወያያ እንያዘው።

መሣሪያና ልብስም እንዲሁ በጥንቃቄ ይመረጥ። ሰይፍና የብረት ጥሩር ውድ ስለነበሩ ለመሪውና ለአጃቢዎቹ ይሁኑ። የብዙኃኑ መሣሪያ ጦርና ክብ የእንጨት ጋሻ ነው። የቫይኪንግ ቆብ ላይ ቀንድ አትትከሉ! ያ ወሬ በሰፊው የተዛመተው በ1876 በጀርመን አገር ለቀረበው የዋግነር ኦፔራ ከተሠራው ልብስ በኋላ ነው። ከዘመኑ የተገኘ የቫይኪንግ ቆብ ቀንድ የለውም።

የተዘጋጀ የፕላስቲክ ምስል በእጅ ከሌለ ሥራው አይቆምም። በጠንካራ ካርቶን ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሰው ይሣላል፤ በውኃ ቀለም ይቀባል፤ ይቆረጥና በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ውስጥ በሙጫ ይቆማል። ቆርኪው እንዳይወድቅ ጭቃ ወይም አሸዋ በሙጫ ለውሶ መሙላት ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጦ ምስል ማውጣት አይሞከር። የእርሳስ ጭስና ብናኝ መርዝ ነው፤ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል።

ሥራው በተራ ይሂድ። በመጀመሪያ መሪውንና 4 አጃቢዎችን ጨርሱ። ቀጥሎ 8 ተዋጊ፣ ከዚያ ሌላ 8፤ ክተቱ በመጨረሻ። አንዱን ጓድ ሳይጨርሱ ሌላውን አለመጀመር ዋናው ምሥጢር ነው። የሁለቱም ወገን መሪና የመጀመሪያዎቹ ጓዶች እንዳለቁ ጨዋታው ሊጀመር ይችላል። ሌላው እየተሠራ ይጨመራል።

ለመጀመሪያው ግጥሚያ 120 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ይበቃል፤ ሁለት የክፍል ጠረጴዛ ቢገጣጠም ይሆናል። አረንጓዴ ጨርቅ ይነጠፍበት። ቡናማ ወረቀት ረግረግ ይሁን፤ እዚያ የገባ እርምጃው በግማሽ ይቀንስ። በመካከል ሦስት የእህል ጭነት አስቀምጡ። የአልፍሬድ ሰዎች ጭነቱን ወደ ረግረጉ ሊያስገቡ ይጥራሉ፤ ቫይኪንጎቹ ይከለክላሉ። ከ6 ዙር በኋላ ጨዋታው ያበቃል። ሁለት ጭነት ያስገባ ወይም ያስቀረ አሸናፊ ነው። የገደለው ሰው ብዛት ነጥብ አያስገኝም።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጨዋታው ጦርነትን ቀላል አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል፤ የወደቀው ምስል ነገ ተነሥቶ ይሰለፋልና። ስለዚህ መምህሩ ጨዋታው እንዳለቀ ጠረጴዛው ሳይነሣ ሦስት ጥያቄ ያቅርብ፦ እህሉ የማን ነበር? ከወደቁት መካከል የሚበዙት ከየትኛው ወገን፣ ከየትኛው መደብ ናቸው? የወደቁት ሰዎች እርሻ በሚቀጥለው ዓመት ማን ያርሰዋል? በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜም ተማሪዎቹ ወገን ተለዋውጠው ይጫወቱ። ትናንት የተከላከለ ዛሬ ወራሪ ሆኖ ሲያስብ፣ ታሪክ የአንድ ወገን ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ወደ ማስተማር የምንወጣ ሁሉ ይህን እንያዝ፦ ለመጀመር የሚያስፈልገው የጦር ብዛት አይደለም። አምስት ቆርኪ፣ አንድ ቁራጭ ካርቶንና በደንብ የተነበበ አንድ የታሪክ ምዕራፍ ይበቃል።