የትልቅ ኮምፒውተር ፍጥነት በምን ይለካል?

ወር ሲያልቅ በአዲስ አበባ ዊንጌት አካባቢ ያሉ ባንኮች በደመወዝ ተቀባይ ይጨናነቃሉ። ወረፋው እየረዘመ ሳለ ከመስኮቱ ወዲያ «ሲስተም የለም» የሚል ድምፅ ይሰማል። የባንክ ኮምፒውተር የሚሸጡ ኩባንያዎች ግን የሚያስደምም የፍጥነት ቁጥር ይዘው ነው የሚቀርቡት። ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ሜይንፍሬም የሚባሉት ትልልቅ ኮምፒውተሮች ለረጅም ጊዜ የተለኩት በሚፕስ ነው፤ ማሽኑ በሰከንድ ስንት ሚሊዮን ትእዛዝ እንደሚፈጽም ማለት ነው። ትእዛዝ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። አይቢኤም በ1964 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ሲስተም 360 ላይ አንዲት ትእዛዝ እስከ 256 ባይት፣ ማለትም 256 የላቲን ፊደል ያህል፣ ከቦታ ወደ ቦታ ትገለብጣለች። በአንዴ አራት ባይት ብቻ የሚያነሣ ማሽን ለዚያው ሥራ 64 ጊዜ ያነሣል፣ 64 ጊዜ ያስቀምጣል፤ 128 ትእዛዝ ሆነ። ሁለቱ እኩል ጊዜ ቢፈጅባቸው እንኳ በሚፕስ ቆጠራ ሁለተኛው 128 እጥፍ ፈጣን ይባላል። የተሠራው ሥራ ያው ነው!

ሳይቆጠር የተሰጠ ቁጥርም አለ። የዲጂታል ኩባንያ ቫክስ 11/780፣ በ1977 የወጣው፣ ከአንድ የአይቢኤም ማሽን ጋር ተነጻጽሮ «ባለ አንድ ሚፕስ» ሲባል ኖረ። በኋላ ሲቆጠር በሰከንድ የሚፈጽመው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ትእዛዝ ሆኖ ተገኘ።

ናሙና ፕሮግራም አስኪዶ ሰዓት መያዝ ይሻላል፤ ነገር ግን ጥያቄውን አስቀድሞ ያገኘ ተፈታኝ ውጤት አይታመንም። ስፔክ የተባለው የመለኪያ ድርጅት በ1989 ባወጣቸው ፈተናዎች ውስጥ ማትሪክስ 300 የሚባል ነበረበት። አምራቾች ኮምፓይለራቸውን፣ ማለትም ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመውን ሶፍትዌር፣ ስላሻሻሉለት ብቻ በአንድ ማሽን ላይ ውጤቱ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ዘለለ። ድርጅቱ በ1992ቱ ስብስብ ፈተናውን አስወጣው።

የባንክ ሥራ ደግሞ ከስሌቱ ይልቅ መጠበቁ ይበዛል። ዲስክ እስኪነበብ፣ ኔትወርክ እስኪመልስ፣ በሌላ ቅርንጫፍ የተያዘ ሒሳብ እስኪለቀቅ ፈጣኑ ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ይቆማል። አይቢኤም ራሱ ለሜይንፍሬሞቹ አንድ ቁጥር ብቻ አይሰጥም፤ እንደ ሥራው ዓይነት የሚለያይ የንጽጽር ሠንጠረዥ ያወጣል። ይህ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ሐቀኛ ነው።

ስለዚህ በጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒውተር የምትማሩ ወጣቶች፣ ነገ ለመሥሪያ ቤታችሁ ሰርቨር ምረጡ ስትባሉ ሻጩን ጠይቁት፦ የተለካው በምን ሥራ ነው? ማን ለካው? ስንት ሰው በአንድ ጊዜ እየተጠቀመበት? ከዚያም የራሳችሁን የወር መጨረሻ ሥራ በማሽኑ ላይ አስኪዱና ሰዓት ያዙ። ሳትለኩ አትፈርሙ።