«እማዬ፣ እግሬን ሼቭ ባደርግስ?»

በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ከሚጠይቁን ጥያቄዎች አንዳንዶቹን እኛ እናቶቻችንን ጠይቀን አናውቅም። የእግር ፀጉር መላጨት አንዱ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሳድግ ስለ እግር ፀጉር ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ፀጉሩ ነበር፤ ወሬው ግን አልነበረም። አሁን በምንኖርበት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ ሴት ልጅ አሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ጥያቄው ብዙ ቤት ያንኳኳል። የኛንም ቤት አንኳኳ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው፤ ልጅ ለሚያሳድጉ ወጣት ወላጆች፣ እንዲሁም ጥያቄውን ራሳቸው ለሚጠይቁ ሴት ልጆች። ልጄ ጽሑፉን ቀድማ አንብባዋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ሰርዛ ሌላው እንዲወጣ ፈቅዳለች።

መጀመሪያ ቃላቱን እንወቃቸው። ቤት ውስጥ «ሼቭ ማድረግ» የምንለው በአማርኛ መላጨት ነው። ምላጭ ማለት ስለቱ ነው፤ መላጫ ደግሞ እጀታ ያለው ዕቃ ነው። ከጉልበት በታች ያለው የእግር ፊት ቅልጥም ይባላል፤ ከኋላ ያለው ሥጋ ደግሞ ባት። ልጄ «ቅልጥም» የሚለውን ስትሰማ፣ «ያ የሾርባው?» ብላ ሳቀች። አዎ፣ ያው ነው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

ልጄ ዋና ትወዳለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ግን በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ «ሆዴን አመመኝ» ብላ ቀረች። በዚያ ሁሉ ሙቀት ቁምጣዎቿን ትታ ረጅም ሱሪ ትለብስ ጀመር። አንድ ማታ አብረን ዕቃ ስናጥብ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እማዬ፣ እግሬን ሼቭ ባደርግስ?» አለችኝ።

«እንዴት አሰብሽው?» አልኳት።

መልሱ ቶሎ አልመጣም። አንዱን ሳህን ደጋግማ አጠበችው። ከዚያ ነገረችኝ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ እግሯን አይቶ «ጦጣ» ብሏታል፤ ሌሎቹም ስቀዋል።

ለጥቁር ልጅ ይህ ቃል ስለ ፀጉር ብቻ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ከፊቴ የነበረው አንድ ጉዳይ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ስድቡ ነው። እሱ የአዋቂዎች ሥራ ስለሆነ በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ተነጋገርኩ፤ እነሱም ልጁን ከወላጆቹ ጋር አነጋገሩት። ሁለተኛው የእግሯ ፀጉር ነው። እሱ ደግሞ የእሷ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ካልለየናቸው ምላጩ የስድቡ መልስ ይሆናል። ዛሬ ስለ እግሯ የሚሳደብ ልጅ፣ እግሯን ብትላጭ ነገ ስለ ምሳዋ ሽታ መናገሩ አይቀርም።

«የልጁን ነገር ለኔ ተዪው» አልኳት። «ፀጉሩ ግን ያንቺ ነው። ሁለት ሳምንት እንቆይ። ከዚያ በኋላም አንቺ ራስሽ ከፈለግሽ መላጫ እገዛልሻለሁ።»

ሁለት ሳምንቱ እምቢታ አልነበረም። የልጁ ድምፅ ከጆሮዋ እስኪወጣ ብዬ ነው።

ሰውነቷ ምን እየሆነ ነው?

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አብረን አነበብን። በሴት ልጆች ላይ የጉርምስና ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ የእግር ለስላሳ ፀጉር እየጠቆረና እየወፈረ ሊሄድ ይችላል። ምን ያህል እንደሚበዛ የሚወስነው በአብዛኛው ከቤተሰብ የሚወረሰው ነው። ፀጉር ቆሻሻ አይደለም፤ በሽታም አይደለም። የብብት ፀጉር ወይም ሌላ የጉርምስና ምልክት ከ8 ዓመት በፊት ከታየ ግን የሕፃናት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ስደውልላት መጀመሪያ ያለችኝ «ምላጭ ከነካው ወፍሮ ይበቅላል» ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ እየሰማን አድገናል። ሚልድረድ ትሮተር የተባለች አሜሪካዊት የአናቶሚ ተመራማሪ ይህንን አጥንታ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጣችው ጽሑፍ መላጨት የፀጉርን ውፍረትም ሆነ የሚያድግበትን ፍጥነት እንደማይለውጥ አሳይታለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ምላጭ የሚቆርጠው ከቆዳ በላይ ያለውን ፀጉር ነው፤ ፀጉር የሚበቅለው ግን ከቆዳ በታች ካለው ሥር ነው። ያልተቆረጠ ፀጉር ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ሲዳስሱት ይለሰልሳል። የተቆረጠው ጫፉ ደንዳና ስለሚሆን ይሻክራል። ወፍሮ የበቀለ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ልማድም ዕድሜ አለው

ልጄን በጣም የገረማት ልማዱ ያን ያህል የቆየ አለመሆኑ ነው። በአሜሪካ ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርስ በነበረበት ጊዜ ብዙ ሴቶች ስለ እግራቸው ፀጉር አይጨነቁም ነበር። ጂሌት ለሴቶች ብሎ የመጀመሪያውን መላጫ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። ያኔም ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ብብት ነበር። በ1920ዎቹ ቀሚስ አጠረ፤ እግር መታየት ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ናይለን ለፓራሹት ስለተፈለገ የናይለን ስቶኪንግ ከገበያ ጠፋ። ሴቶች ያለ ስቶኪንግ መውጣት ጀመሩ። አንዳንዶቹም ስቶኪንግ የለበሱ እንዲመስሉ እግራቸውን ቀለም ይቀቡ ነበር። ለዚያ ደግሞ ፀጉሩ መላጨት ነበረበት።

እናቴ በስልክ ይህንን ስትሰማ የራሷን ታሪክ አመጣች። «በኛ ጊዜ ልጃገረድ የምትላጨው አናቷን ነበር» አለች። እሷ ባደገችበት ገጠር ያላገባች ልጃገረድ የአናቷ መሃል ተላጭቶ ዙሪያው ይተዋል። ሳዱላ ይባላል። ስታገባ ፀጉሯ እንዲያድግ ይደረጋል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ቁንጮ ወይም ጋሜ ነበራቸው። ሰው የልጅን ፀጉር አይቶ ዕድሜዋን መገመት ይችል ነበር። ትልቅ ሴት ግን ፀጉሯን የምትላጨው ሐዘን ሲደርስባት ነው። «ልጄ ልትላጭ ነው» ስላት እናቴ የደነገጠችውም ለዚህ ነው።

ልጄ ስልኩን ተቀብላ፣ «እማማ፣ እርስዎ ሳዱላ መሆን ፈልገው ነበር?» አለቻት።

«ማን ጠይቆኝ!» አለች እናቴ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን መልሱ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ።

ዝግጁ መሆኗን እንዴት ለየሁ?

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። ልጄ ቀኑን ቆጥራ መጣች። «አሁንም እፈልጋለሁ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ስዋኝ ስለ እግሬ ማሰብ አልፈልግም። ስለ ዋናው ብቻ ነው ማሰብ የምፈልገው።»

ከዚህ መልስ ጀርባ የልጁ ስድብ ፈጽሞ የለም ማለት አልችልም። ግን እኛ ትልልቆቹስ የሰው ዓይን ሳናስብ የምንለብሰው ልብስ ስንት ነው? ፍላጎቷ ከሰው ሁሉ ነፃ እስኪሆን ብጠብቅ የማይመጣ ቀን መጠበቅ ይሆንብኛል። ለኔ የበቃኝ፣ ምክንያቱን በራሷ አፍ መናገሯና እኔ መጥቼ ሳልጠይቃት ራሷ መምጣቷ ነው።

ቀጥሎ ያየሁት እጇን ነው። ጥርሷን ሳይነገራት ትቦርሻለች። ሽንኩርት በቢላ ትከትፋለች። ስትቆረጥ ትናገራለች እንጂ አትደብቅም። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ቁስሏን የምትደብቅ ልጅ ምላጭ ከመያዟ በፊት ሌላ ወሬ ያስፈልጋታል።

ጓደኞቼ «አሥራ ሦስት ይሙላት»፣ «ሃይስኩል ትግባ» ብለውኛል። ቁጥር ለወላጅ ይመቻል። ግን ምላጩ ያለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ዝም ብላ እምቢ የተባለች ልጅ በሩን ዘግታ፣ በአባቷ መላጫ፣ ደረቅ እግሯን ልትላጭ ትችላለች። ያን ጊዜ የምታስተምራት እናት አጠገቧ የለችም።

በሌላ በኩል ማንም ልጅ መቸኮል የለባትም። የእህቴ ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ከልጄ ይበዛል። ስለ መላጨት ሲወራ «ለምን ብዬ?» ትላለች። እህቴም ነገሩን አንስታባት አታውቅም። ልክ ናት። እናት ቀድማ «እግርሽን ብትላጪ ጥሩ ነው» ካለች፣ ልጅቷ አይታው የማታውቀውን ጉድለት ፈጥራ ማሳየቷ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

መላጨት ያስተማራት አባቷ ነው። መጀመሪያ «ይሄማ የእናንተ ጉዳይ ነው» ብሎ ሊያመልጥ ሞክሮ ነበር። ነገር ግን በቤታችን ሃያ ዓመት ሙሉ ጢሙን ሲላጭ የኖረው እሱ ነው። የተጠቀለለ ጢም ስላለው ችግሩንም ያውቀዋል። የተጠቀለለ ፀጉር ሲቆረጥ ጫፉ ተመልሶ ወደ ቆዳ ሊገባ ይችላል። ቦታው ያብጣል፤ ያሳክካል። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ጠቁሮ ለወራት ሊቆይ ይችላል። የፈረንጅ ጓደኛዋ የምታደርገው ሁሉ ለልጄ ቆዳ ላይስማማ የሚችለው ለዚህ ነው።

ጉንጩን እየነካ ያሳያት ይህንን ነው፦

- መላጫሽ የራስሽ ብቻ ይሁን። ለእህት፣ ለጓደኛም ቢሆን አይዋስም፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ አለ።
- የምትላጪው ገላሽን ታጥበሽ ስትጨርሺ ነው። ያን ጊዜ ፀጉሩና ቆዳው በሙቅ ውሃ ለስልሷል። ደረቅ እግር አይላጭም።
- የመላጫ ክሬም ወይም ጄል ቀቢ።
- ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ላጪ። በእግር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው።
- አትጫኚ። የሚቆርጠው ስለቱ እንጂ ጉልበትሽ አይደለም።
- አንድ ጊዜ በሳብሽ ቁጥር ምላጩን በውሃ አለቅልቂው።
- ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ አጥንቱ ቅርብ ስለሆነ ቀስ በይ። ጉልበትሽን ትንሽ አጠፍ አድርጊው።
- ስትጨርሺ ሽታ የሌለው ቅባት ተቀቢ።
- ምላጩን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከተጠቀምሽበት በኋላ ቀይሪው። ደረቅ ቦታ፣ ትንሹ ወንድምሽ የማይደርስበት አስቀምጪው።

ከተቆረጠች በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋ መያዝ ነው፤ ከዚያ ለኛ መንገር።

ከምላጭ ሌላም መንገድ አለ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፀጉር ማሳጠሪያ ቆዳውን ያን ያህል ስለማይጠጋ ለጀማሪ ይቀላል። ፀጉር የሚያነሱ ክሬሞችም አሉ። እነሱን መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቆዳ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። በዓረብ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ከስኳር፣ ከሎሚና ከውሃ ተፈልቶ የሚሠራውን ሐላዋ ታውቁታላችሁ። ፀጉሩን ከሥሩ ስለሚነቅለው ቶሎ አይመለስም። ግን ያማል፤ በጣም ከጋለም ያቃጥላል። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እኔ አልመርጠውም።

ልጄ ሐምራዊ መላጫ መረጠች። ከጉልበት በታች ብቻ ተስማማን። መታጠቢያ ቤት አርባ ደቂቃ ቆየች። ስትወጣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ትንሽ ጭረት ነበር፤ ራሷ አሳየችኝ። ቅዳሜ ዋና ሄደች። ሆዷንም አላመማትም።

ብርዱ ሲገባ መላጫውን ተወችው። «በሱሪ ውስጥ ማን ያየዋል?» አለች። ሙቀቱ ሲመለስ አንዳንድ ሳምንት ትላጫለች፤ አንዳንድ ሳምንት እንዲሁ ቁምጣ ለብሳ ትወጣለች። ለምን እንደሆነ አልጠይቃትም። እናቴ ግን በየስልኩ «ሳዱላዋ ደህና ናት?» ትላለች።

በቅርቡ ልጄ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጥታለች። የሰረዘችው ዓረፍተ ነገር ስለዚያ ነበር።