የውሻ ጆሮና ጅራት መቁረጥ ለምን ተከለከለ?



በዛሬው ዝግጅታችን ወላጆች ደጋግመው ስለሚያነሡት አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው ከጓደኞቻቸው ጋር ሲላመዱ «ውሻ ግዙልን» ማለት ይጀምራሉ። በአገር ቤት ውሻ ደጅ አድሮ ከብትና ቤት ይጠብቃል እንጂ ከሰው ጋር ቤት ውስጥ አይኖርም ነበር። እዚህ ግን ብዙ ሰው ውሻን ከልጆቹ ጋር ያኖረዋል፤ አንዳንዱም መልኩን ብቻ አይቶ በብዙ ገንዘብ ይገዛዋል። ስለዚህ መልክ የሚባለው ነገር እንስሳውን ምን እንደሚያስከፍለው ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ስለ መቁረጥ እንናገር። ዶበርማንና ቦክሰር የሚባሉት ውሾች በተፈጥሯቸው ጆሯቸው የወደቀ፣ ጅራታቸውም ረጅም ነው። አስፈሪ እንዲመስሉ ሲባል ገና ቡችላ ሳሉ ጆሯቸው ይቆረጥና ቀጥ ብሎ እንዲቆም ለሳምንታት ታሥሮ ይቆያል። ጅራታቸው ደግሞ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቆረጣል። ጅራት አጥንትና ነርቭ ያለበት አካል ስለሆነ ሲቆረጥ ያማል። ከዚህም ሌላ ውሻ ደስታውን፣ ፍርሃቱንና ቁጣውን የሚያሳየው በጆሮውና በጅራቱ ነው። እነዚህን ያጣ ውሻ ሲቆጣ ልጃችሁ ቶሎ ላያውቅበት ይችላል።

ከእናንተ መካከል፣ ነቅቶ ይጠብቃል ተብሎ የውሻ ጆሮ ሲቆረጥ በአገር ቤት ያየ ይኖር ይሆናል። ሆኖም ጆሮው ስለተቆረጠ ውሻው የሚጨምረው ንቃት የለም።

በእስራኤል በ1994 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ፣ በዕብራይስጥ «ጻዓር ባዓሌ ሐይም» የሚባለው፣ ዛሬ ባለበት ሁኔታ ለውበት ሲባል የእንስሳን አካል መቁረጥ ይከለክላል። በ2011 ደግሞ ያለ ሕክምና ምክንያት የድመትን ጥፍር ማስወገድ ተከልክሏል። ይህ ሥራ የእያንዳንዱን ጣት ጫፍ ከነአጥንቱ መቁረጥ ማለት ነው። ቅጣቱም እስከ አንድ ዓመት እሥራት ወይም 75,000 ሸቅል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው በሰፈር ውስጥ «በርካሽ እቆርጥላችኋለሁ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ ልጆቻችሁንም አስጠንቅቁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሻን ለመልኩ ብቻ ማርባት ነው። እዚህ ላይ ቢላዋ ባይኖርም ሥቃይ አለ። ቡልዶግና ፓግ የሚባሉት ፊታቸው ጠፍጣፋ እንዲሆን ለብዙ ትውልድ እየተመረጡ ተዳቅለዋል። አፍንጫቸው ስላጠረ የአየር መተላለፊያቸው ጠባብ ሆኗል። ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው እያለከለከ ስለሆነ፣ በእኛ አገር የበጋ ሙቀት እነዚህ ውሾች ታፍነው እስከ መሞት ይደርሳሉ። የቡልዶግ ቡችሎች ራስ ትልቅ፣ የእናቲቱ ዳሌ ግን ጠባብ በመሆኑ አብዛኞቹ የሚወለዱት በቀዶ ሕክምና ነው። ዘሩ እንዳይቀላቀል ተብሎ ዘመዳሞች ሲዳቀሉም በዘር የሚተላለፍ በሽታ ይበዛል። በእንግሊዝ አገር በ2008 አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ይህን ካጋለጠ በኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር።

ከዚህ የተለየ ምሳሌ እዚሁ አገራችን አለ። የከነዓን ውሻ የሚባለውን ዝርያ ሩዶልፊና መንዘል የተባሉት የውሻ ባለሙያ በ1930ዎቹ ማርባት የጀመሩት በበረሃ ከሚኖሩ ውሾች መርጠው ነው። ጆሮው በተፈጥሮው የቆመ፣ ሙቀትን የሚችል ውሻ ነው።

እንግዲህ ውሻ ለማሳደግ የወሰነ ቤተሰብ እነዚህን ይጠንቀቅ፦

አንደኛ፣ ቡችላውን ከእናቱ ጋር ሳያይ አይግዛ። እናቲቱ መተንፈስ የሚያስቸግራት ከሆነች ልጇም እንዲሁ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጆሮው ወይም ጅራቱ ለውበት የተቆረጠ ቡችላ አይግዛ። ገዢ ከሌለ ቆራጭ አይኖርም።

ሦስተኛ፣ ከመግዛቱ በፊት በከተማው የውሾች ማቆያ (ካልቢያ) ባለቤት የሚፈልጉ ውሾች እንዳሉ ይጠይቅ።

አራተኛ፣ በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት ከሦስት ወር በላይ የሆነው ውሻ ሁሉ ፈቃድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና ከቆዳው ሥር የሚገባ ቺፕ ያስፈልገዋል። ለዚህም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ (ዒሪያ) የእንስሳት ሐኪም መሄድ ነው።

እንስሳ አፍ አውጥቶ አመመኝ አይልም። ልጆቻችን ለእሱ መራራትን የሚማሩት ከእኛ ከወላጆቻቸው ነው።